ወኪል ተበዳይ

የምነግራችሁ ነገር የሆነው እኔ በተወለድኩባት ከተማ ነው። ስሟን መጥራት አያስፈልግም። ወንዝ አለባት፣ ገበያ አለባት፣ ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ደግሞ ወህኒ ቤት አለባት። ደምለው አጥር የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ነው። ከዚህ በታች ከጻፍኩት ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን እሱ ራሱ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ አጥር ላይ ተደግፎ ነግሮኛል።

በከተማችን አንድ የቆየ ሕግ ነበር። በድሎ የተፈረደበት ሰው፣ ተበዳዩ በአደባባይ ቆሞ «ይቅር ብያለሁ» ካላለ በቀር ዘመኑን ሳይጨርስ ከወህኒ አይወጣም። ይህ ሕግ ለብዙ ዘመን ማንንም አላስቸገረም፤ የሚታሰሩት ውሃ ቀጂዎች፣ ግንበኞችና የዶሮ ነጋዴዎች ነበሩና። ችግሩ የመጣው በትልልቅ ሰዎችም ላይ መፈረድ ሲጀምር ነው። አዳዲስ ዳኞች ተሾመው ነበር፤ ገና ልምድ ስላልነበራቸው መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ይፈርዱ ነበር።

መጀመሪያ የታሰሩት የድልድዮች ሹም ናቸው። ያሠሩት ድልድይ ከተመረቀ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈረሰ። ግማሹ ድንጋይ ለሹሙ ቤት እንደዋለ ታወቀ፤ ቤቱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። በድልድዩ ሥር አንድ ግንበኛ ሞተ። ሹሙ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይቅርታ ጠየቁ፣ የግንበኛው እናትም ወደ አደባባይ ተጠሩ። እናትየው መጡ፣ ቆሙ፣ አለቀሱ፤ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ጸሐፊው ተቸገረ። መዝገቡ «ብሏል» እና «አላለም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ነበሩት፤ ለልቅሶ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም።

የይቅርታ ቤት የተቋቋመው ያን ጊዜ ነው። ኃላፊነቱ ለአዛዥ ከፈለኝ ተሰጠ። አዛዥ ከፈለኝ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ለገባ ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጋብዙ ሰው ናቸው። በመጡ በወሩ ሁለት አዲስ ነገር አቆሙ። አንደኛው የናፋቂ ቆጣሪዎች ጓድ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤት ለቤትና በየሱቁ እየዞሩ «እከሌ ታስሯል፤ ይናፍቅሃል ወይስ አይናፍቅህም?» ብለው ይጠይቃሉ። ከሦስት ሺህ በላይ ናፋቂ ያለው እስረኛ ይቅርታ ይገባዋል። አዛዡ ሲያስረዱን፣ «በአንድ ሰው ጥፋት ሦስት ሺህ ሰው ይታሰር ወይ? ናፍቆትም እኮ እስር ነው» አሉ። ብዙዎቻችን በነገሩ ተስማማን። ለአንድ የታሰረ ውሃ ቀጂም ተቆጥሮለት ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ይናፍቀዋል። ሦስቱ የገዛ ልጆቹ ስለሆኑ አይያዙለትም ተባለና ስምንት ቀረለት።

ሁለተኛው አዲስ ነገር ወኪል ተበዳይ ነው። ተበዳዮች ይዘገያሉ፤ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹም ሩቅ አገር ናቸው። ስለዚህ በእነሱ ስም በአደባባይ ተቀምጦ ይቅር የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ያስፈልጋል ተባለ። ለዚህ ቦታ የተመረጠው ደምለው ነው።

ደምለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ገልባጭ ነበር። ጽሑፉ ያማረ፣ ጠባዩ የለዘበ፣ ፊቱ ክብ ነው። አዛዡ ገና ሲያዩት «ይህ ፊት የተሠራው ይቅር ለማለት ነው» አሉ ይባላል። ሥራው አንድ ከባድ መስፈርት ነበረው። ወኪሉ በሕይወቱ ተበድሎ የማያውቅ መሆን አለበት፤ የተበደለ ሰው ያዳላል። ደምለው ሦስት ምስክር አቀረበ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ከዓመታት በፊት አጥሬን አንድ ክንድ ያህል ወደሱ ግቢ ገፍቼ ነበር። እሱ ግን ስላላወቀ እንዳልተበደለ ተቆጠረና ምስክር ወረቀቱን አገኘ።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደምለው ግራጫ ኩታ ለብሶ አደባባዩ መካከል ባለው ወንበር ይቀመጣል። ታራሚው በአሮጌው ባሕል መሠረት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከፊቱ ይንበረከካል። ኋላ ላይ ለትልልቅ ሰዎች ድንጋዩን የሚሸከምላቸው ሰው ማቅረብ ተፈቀደ። ደምለው «በተበዳይ ስም ይቅር ብያለሁ» ሲል ጡሩንባ ይነፋል፤ ናፋቂዎች እልል ይላሉ።

የድልድዮቹ ሹም በዚህ መንገድ ወጡ። እህሉን ደብቀው ገበያ ያስራቡት የጎተራ ሹም ወጡ። ሚስቱን በበትር ያደማው የነጻ ትግል ተወዳዳሪ ወጣ፤ የግጥሚያ ወቅት ደርሶ ነበርና። በስድስት ዓመት ውስጥ ደምለው በአርባ አንድ ተበዳዮች ስም ይቅር አለ። ክፉ ሠራሁ ብሎ አንድም ቀን አላሰበም። እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀለል ይለው፣ ያፏጭም ነበር።

ሚስቱ ብርቄ ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው ዳር ባለ በረንዳ ላይ በእግር የሚሽከረከር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፤ የእኛ ሠፈር ሰው የሠርግ ልብስ ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ምሳ ሲበሉ እንዲህ ስትል ጠየቀችው።

«ሰዎቹ ግን ምን ይላሉ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የተበደሉት።»

«እኔ አለሁላቸው አይደል እንዴ» አላት ደምለው፤ ወጡንም አመሰገነ።

ዘፋኙ ጌጤነህን የማያውቅ ሰው በከተማችን አልነበረም። ጠዋት ሬዲዮ ስትከፍት እሱ ነው፤ ማታ ስትዘጋ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ከተወለዱት ወንዶች ግማሾቹ ስማቸው ጌጤነህ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወዳጁ ሠርግ ጠጥቶ ሲመለስ መኪናው ገበያው ዳር ካለው በረንዳ ላይ ወጣበት። በረንዳው ላይ ብርቄ ለማግስቱ ሠርግ መድረስ ያለበት ቀሚስ እየዘመዘመች ነበር። የስፌት መኪናዋ ተጨፈለቀ። ነፍሷ ተረፈች። ከቀኝ እጇ ግን አውራ ጣቷና ትንሿ ጣት ብቻ ቀሩ።

ደምለው ሐኪም ቤት ሲደርስ እጇ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። «ቀሚሱን የምትለብሰው የሙሽራዋ እህት ናት» አለችው። «ለሌላ ሰፊ አድርስላት፤ ነገ ነው ቀኑ።» እሱም ሌላ የሚያደርገውን ስላጣ ቀሚሱን ሊፈልግ ሄደ። ከመኪናው ጎማ ሥር አገኘው።

ዳኞቹ በጌጤነህ ላይ አራት ዓመት ፈረዱ። ናፋቂ ቆጣሪዎች በማግስቱ ወጡ። በአርባኛው ቀን ውጤቱ ተነገረ፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ናፋቂ ተገኘ። ከከተማው ነዋሪ በሁለት ሺህ ይበልጣል። አንዳንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለናፈቀ ነው ተባለ።

አዛዥ ከፈለኝ ደምለውን አስጠርተው ውሃ ቀዱለት።

«መጪው ቅዳሜ ትልቅ ነው፤ ኩታው ይታጠብ» አሉት።

«አዛዥ፣ የተጎዳችው እኮ ባለቤቴ ናት።»

«አውቃለሁ፤ አዝናለሁም። የሕግ አማካሪያችን ነገሩን አይቶታል።»

የሕግ አማካሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አወለቀና «አቶ ደምለው፣ እጁ የማን ነው?» አለ።

«የባለቤቴ።»

«የእርስዎ እጅ ደህና ነው?»

ደምለው እጁን አየው። «ደህና ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ አልተበደሉም። ምስክር ወረቀትዎ አሁንም የጸና ነው» አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ደምለው ሌላ ወኪል እንዲሾም ለመነ። አዛዡ በለስላሳ ድምፅ መለሱለት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች ሐዘናቸውን ለእርስዎ ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። እነሱ የቻሉትን እርስዎ ካልቻሉ ሕዝቡ ምን ይላል? አርባ አንዱም ይቅርታ እኮ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ነው።» ደምለው ውሃውን ሳይጠጣው ወጣ።

ቅዳሜ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ነበርኩ። ጌጤነህ ነጭ ለብሶ መጣ፤ ከኋላው አንድ ወዛደር ድንጋዩን ተሸክሞለት ይከተላል። ተንበርክኮ አንገቱን ደፋ። የዕድሜውን ግማሽ መድረክ ላይ የኖረ ሰው ነውና አጎነባበሱን ያውቅበታል፤ ሴቶች አለቀሱ። ጡሩንባ ነፊው ጡሩንባውን ወደ አፉ አቀረበ።

ደምለው ግን ይቅር አላለም። ጎንበስ ብሎ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ስሟ ማን ነው?»

«የማን?»

«የበደልካት ሴት።»

ጌጤነህ ቀና ብሎ አየው፤ ወደ ድንጋይ ተሸካሚው ዞረ፤ ቀጥሎ ወደ አዛዡ። የነገረው ሰው አልነበረም። በከተማችን የተበዳዩን ስም ጠይቆ ይቅርታ የለመነ ሰው ስለሌለ፣ ሊያውቅ ይገባዋል ብሎ ያሰበም አልነበረም። «ሴትየዋ...» አለና ቆመ።

ደምለው ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ሕዝቡ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ አፏጨ፣ ከዚያ «ልቀቀው!» እያለ ጮኸ። የሕግ አማካሪው ለአዛዡ አንድ ነገር በጆሯቸው ነገራቸው። አዛዡ ተነሥተው፣ ወኪል ተበዳይ በሥራ ሰዓት ኩታውን ለብሶ ዝም ያለ እንደሆነ ይቅርታው በለሆሳስ እንደተባለ ይቆጠራል ሲሉ አወጁ። ጡሩንባው ተነፋ። ጌጤነህ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሄደ። ደምለው ኩታውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ብርቄ በግራ እጇ ሽንኩርት ለመላጥ ትታገል ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት። እውነቱን ለመናገር የምታመሰግነው መስሎት ነበር።

«አላልኩም» አላት። «አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው እየጮኸብኝ አላልኩም።»

ብርቄ ሽንኩርቱን አስቀመጠችው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ምን?»

«አርባ ቀን ከኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር አደርክ። እጄን አጠብክ፣ ቁስሌን ጠረግህ፤ እግዜር ይስጥህ። አንድ ቀን ግን ‹ብርቄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?› አላልከኝም። እነሱ በኔ ስም ይቅር በልለት አሉህ፤ አንተ በኔ ስም እምቢ አልክ። ወክለኸኝ ተቆጣህ። ኩታውን ለብሰህ አይደል የተቀመጥከው?»

ደምለው ደነገጠ። «እሺ፣ ምን ትያለሽ?» አላት በችኮላ።

«አሁን አልነግርህም» አለችና ሽንኩርቱን አነሣች። መላጧን እየቀጠለች፣ «ስንት ሰው ነው እንዲህ ያደረግኸው?» አለች።

«አርባ አንድ።»

«ሄደህ ጠይቃቸዋ።»

ሰኞ ጠዋት ደምለው ሥራውን መልቀቁን ጽፎ ሰጠና መጀመሪያ ወደ እማማ ድንቄ ቤት ሄደ። እማማ ድንቄ ማለት ልጃቸው ድልድዩ ሥር የሞተባቸው፣ አደባባይ ቆመው ያለቀሱት እናት ናቸው። ከወንዙ ማዶ ጠባብ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። ማን እንደሆነ ነገራቸው።

«አወቅሁህ። ባለ ኩታው» አሉት። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። «እማማ፣ በእርስዎ ስም ይቅር ብዬ ነበር። ሳልጠይቅዎት። እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

እማማ ድንቄ ምስሩን ለቅመው ጨረሱ። ሰፌዱን አስቀመጡና፣ «ያን ቀን አደባባይ ስወጣ አፌ እምቢ አለኝ» አሉ። «ልጄ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ወር፣ ሁለት ወር አሰብኩበት። ያም ሰው የእናት ልጅ ነው፤ ሽማግሌም ነው። ልልለት ነበር።»

«ምን ሊሉት?»

«ይቅር ልለው ነበር እኮ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ነጠላዬን አጥቤ፣ ልወጣ ስል ጡሩንባ ሰማሁ። ምንድነው ብል ሹሙ ተፈቱ አሉኝ። ማን ይቅር አላቸው ብል አንድ ሰው ተቀጥሯል አሉኝ። ልጄን ሹሙ ወሰደብኝ። የቀረችኝ ያቺ አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ።»

ደምለው ያን ዕለት ከወንዙ ማዶ እስከ ከተማው በእግሩ ሲመለስ ማንም ሰላም ሲለው አልሰማም። በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ተበዳይ ሄደ። በሳልስቱ ወደ ሦስተኛው። አንዳንዶቹ በር ዘጉበት፣ አንዱ ቆሻሻ ውሃ ደፋበት፣ አንዲት ሴት ደግሞ «አሁንማ ረሳሁት» ብላ ምሳ አበላችው። ያቺ ናት ከሁሉም የከበደችው።

በዚህ መካከል ጌጤነህ አዲስ ዘፈን አወጣ። የሴትየዋን ስም ከጋዜጣ አግኝቶት ነበር። ዘፈኑ «ብርቄ» ይባላል፤ ስለ አንዲት እጀ መልካም ሴት ነው። እንዲህ ያለ የተወደደ ዘፈን በከተማችን ወጥቶ አያውቅም። ከየሱቁ፣ ከየመኪናው «ብርቄ፣ ብርቄ» ይላል። ሴቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ «አንቺ የታደልሽ! ለኔ ማን ይዘፍንልኛል?» ይሏት ነበር። የይቅርታ ቤትም ከመልካም ይቅርታ መልካም ዘፈን እንደሚወለድ ማስረጃ ነው ብሎ ለዘፈኑ ሽልማት አዘጋጀ። ሽልማቱ የሚሰጠው ቅዳሜ በዚያው አደባባይ ነው።

ብርቄ ጫማዋን አደረገች። «አብረኸኝ ና» አለችው ደምለውን። «ግን እንዳትናገር።»

ጌጤነህ መድረክ ላይ ሆኖ ዘፈኑን ሲጨርስ ብርቄ በሕዝቡ መካከል አልፋ ደረጃውን ወጣች። የፕሮግራሙ አካል ስለመሰላቸው የከለከላት የለም። «ብርቄ እኔ ነኝ» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ጨርቁን ፈትታ እጇን አወጣች። ጌጤነህና ከደረጃው ሥር የቆመው ደምለው ብቻ እንዲሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«የዘፈንክለት እጅ ይኸውልህ። እየው።»

ጌጤነህ ዓይኑን ሊያሸሽ ፈለገ፤ ግን የሚያሸሽበት ቦታ አልነበረም። አየው። ደምለው እንደነገረኝ፣ የሰውየው ፊት እንደ እርጥብ ጭቃ ተናደ።

«ይቅር ተብያለሁ እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ማን አለህ?»

«ወኪሉ።»

«ይኸውና ቆሟል፤ ጠይቀው።»

ጌጤነህ ወደ ደምለው ዞረ። ደምለው እንዳትናገር ስለተባለ ሚስቱን አየ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀችለት። «እኔ አላልኩህም» አለ። «ብልህም ኖሮ የኔ አልነበረም።»

«እኔ ገና አልተናገርኩም» አለች ብርቄ። «የተፈረደብህን ጨርሰህ ና። ይቅር እንደምልህ ወይም እንደማልልህ እኔም አላውቀውም። ግን የዚያን ጊዜ ከኔ አፍ ትሰማለህ።» እጇን መልሳ ጠቀለለችና ወረደች። ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ።

ጌጤነህ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት አልዘፈነም። ጉንፋን ይዞታል ተባለ። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ትንሽ ጥቅልል ልብስ ይዞ የደምለውን በር አንኳኳ። ፂሙ አድጓል።

«አቶ ደምለው፣ የመውጫውን መንገድ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። መግቢያውን ያሳዩኝ» አለው።

ደምለው ኮቱን ለብሶ አብሮት ጉብታውን ወጣ። የወህኒው ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱ በራ።

«ጋሼ ጌጤነህ! ማንን ሊጠይቁ ነው?»

«ማንንም። ልገባ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ውስጥ። ልታሰር።»

ዘበኛው ሳቀ፤ ሌሎቹ እንዳልሳቁ ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «ወረቀት አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አይሆንም። ሰው ያለ ወረቀት አይታሰርም ጋሼ፤ ሕግ ያለበት አገር ነው።»

ወደ አዛዥ ከፈለኝ ሰው ተላከ። አዛዡ እየሮጡ መጡ፤ ሲሮጡ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ይቅርታ አንዴ ከተመዘገበ እንደማይፋቅ አስረዱ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው እንደገና ሊናፍቅ እንደሆነ አስረዱ። እሱ ከገባ ሌሎቹ አርባ አንድ የወጡት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸውም ጠየቁ። ጌጤነህ ግን ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ አዛዡ በሩን ከውስጥ አስቆለፉት፤ አንድ ሰው እንዳይታሰር የወህኒ በር ሲቆለፍ ያን ጊዜ አየሁ። ጌጤነህ እስከ ማክሰኞ ማታ፣ ረቡዕን ሙሉ፣ ሐሙስንም እስከ ቀትር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጥቅልሉን ይዞ ወደ ብርቄ መጣ።

ብርቄ በረንዳዋ ላይ ነበረች። የእድራችን ሰዎች አዋጥተው ሌላ የስፌት መኪና ገዝተውላት ነበር፤ ግን ጨርቁን የሚመራላት ቀኝ እጅ ስላልነበራት መኪናው ፊት ተቀምጣ ትውል ነበር እንጂ አልሰፋችም።

«አላስገቡኝም፣ እትዬ ብርቄ» አላት።

ደምለው እዚያው ነበር፤ አንድ ነገር ሊል አስቦ ተወው።

«ስንት ቀርቶህ ነበር?» አለችው።

«ሦስት ዓመት ከአሥር ወር ከሃያ ቀን።»

በእግሯ መቀመጫውን ዱካ ወደሱ ገፋችለት። «እዚህ ተቀመጥ። ጨርቁን በቀኝ በኩል ያዝ። ሳብ ስልህ ሳብ፣ ቁም ስልህ ቁም።»

የመጀመሪያዎቹ ወራት የሰፉት ልብስ ሁሉ ጠማማ ነበር። እኔ ያሠራሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ካንዱ ይረዝማል፤ እስከ ዛሬ አለኝ። ናፋቂዎች በረንዳውን ከበው «አንዲት ብቻ ዝፈንልን!» እያሉ ይለምኑት ነበር። እሱ ግን ብርቄ የምትፈልጋቸውን እስፒሎች በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል መልስ መስጠት እንኳ አይችልም። ቀስ በቀስ ናፋቂዎቹ ሌላ ዘፋኝ አገኙና ሄዱ። ጌጤነህ ጨርቅ መምራት ለመደ፤ በሦስተኛው ዓመት የሙሽራ ቀሚስ አብረው ሲሠሩ ስፌቱ ከሁለት ሰው እጅ የወጣ አይመስልም ነበር። ስለ ጥፋቱ አንስተው ሲነጋገሩ ግን ማንም አልሰማም።

የይቅርታ ቤት ሥራውን ቀጥሏል። አዲስ ወኪል ተበዳይ ተሹሟል፤ ከደምለው የበለጠ ክብ ፊት አለው። ደምለው ደግሞ ወደ ቀድሞው መዝገብ ገልባጭነቱ ተመልሶ በትርፍ ጊዜው ተበዳዮቹን ሲጠይቅ ከረመ። የጠየቃቸውን ሰዎች ቃል አይጽፍም፣ ለማንም አይናገርም። «የነሱ ነው» ይለኛል ስጠይቀው። እኔም አንድ ቀን ስለ አጥሩ ነገርኩት። አጥሩን አየው፤ እኔን አየኝ፤ «እስቲ ላስብበት» አለኝ። እስካሁን እያሰበበት ነው።

ከሦስቱ ዓመት ከአሥሩ ወር በኋላ ሃያኛው ቀን ያለቀው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ጌጤነህ የጀመሩትን እጅጌ ጨረሰ፣ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ከዱካው ተነሥቶ ብርቄ ፊት ቆመ። የሚሸከም ድንጋይ አልያዘም። ብርቄ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና ብላ አየችው።

ደምለው ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት ድንገት ተነሣ። «ክር አልቋል መሰለኝ» አለ። ክር አላለቀም ነበር፤ ሦስት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኮቱን አንሥቶ ወደ ገበያው ወረደ፤ ወደ ኋላውም ሳይመለከት ሰው መካከል ገባ።